ልጅ ማሳደግ የሚጠናበት ትምህርት

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ከጎንደር ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእንፍራንዝም ይህን አባባል የማያውቅ የለም። ስለዚህ የእንፍራንዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «የማጠናው የልጆች ዕድገትና ቤተሰብ ነው» ብትል «ደግሞ ልጅ ማሳደግንም ይማሩታል?» ብሎ የሚጠይቃት አታጣም። አዎ፣ ይማሩታል። ትምህርቱም የሚነሣው ያንኑ አባባል በመሞገት ነው፤ ዕድል ከምንለው ውስጥ ስንቱ በሰው እጅ እንዳለ ይመረምራል።

ትምህርቱ በአገራችን በአንድ ስም አይጠራም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕከል አለው። ሐዋሳ ላይ የቤተሰብ ሳይንስ ከገጠር ልማት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ጎንደር ላይ ግን መሠረቱን የጣለው ጤና ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያ ትንሽ ኮሌጅ ሲጀምር የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒተሪ ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም በቡድን ሆነው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር፤ አንዱ ሕመሙን፣ አንዷ እናትና ሕፃኑን፣ አንዱ ደግሞ ውኃውንና መጸዳጃውን ያያል። ሕፃንን ከነቤቱ ማየት የትምህርቱ ዋና ሐሳብ ነው።

ተማሪዋ መጀመሪያ የምትማረው ልጅ በስንት ወሩ እንደሚቀመጥ፣ መቼ ዳዴ እንደሚል፣ መቼ ቃል እንደሚያወጣ ነው። ከዚያ መለካት ትማራለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን ግራ ክንዱ በትከሻና በክርን መካከል በባለ ቀለም ሪባን ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ፣ ከዚያ በላይ ሆኖ ከ12.5 ካነሰ ቢጫ ነው። ሪባኑ የሚናገረው የሰሞኑን ክሳት ነው። ለረጅም ጊዜ የዘለቀ የምግብ እጥረት የሚታየው በቁመት ሲሆን ስሙም መቀንጨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 ወረደ፤ በአማራ ክልል ግን 41 ያህል ነበር። ጉዳቱ ከቁመት አልፎ የአእምሮን ዕድገትም ይነካል። መቀንጨርን ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ያስቀደመው ለዚህ ነው፤ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ያመለጠ ነገር በኋላ ለማካካስ አስቸጋሪ ነው።

አእምሮን መለካት ግን እንደ ክንድ አይቀልም። «ዴንቨር 2» የተባለው ታዋቂ መመዘኛ 125 ጥያቄዎች አሉት፤ ጅማ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ለአገራችን ልጆች እንዲሆን ከ30 በላይ የሚሆኑትን ለውጠዋል። በእጁ እንጀራ ለሚጎርስ ሕፃን የሹካ አያያዝ ምን ይነግረናል? በአንጻሩ ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅን ልብ ብሎ ያየ ብዙ ያገኛል። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ፣ ሳትወድቅ ከመሬት ሌላ ለቅማ፣ የወረወረቻትን መልሳ ትቀልባለች፤ ዓይኗና እጇ ይናበባሉ፤ ትቆጥራለች፤ ስትሳሳት ተራዋን ትለቃለች። እንቆቅልሽም እንዲሁ የቋንቋና የማሰብ ችሎታ ይገለጥበታል።

የቤተሰቡ ክፍል ደግሞ ከሕፃኑ ጀርባ ያለውን ሰው ይመለከታል። እናት እርሻ ስትውል ሕፃኑን የምታዝለው ታላቅ እህቱ ናት፤ ታዲያ የእሷ ትምህርትስ? በቤት ውስጥ እንቁላሉ ይሸጥ ወይስ ለልጁ ይቀቀል የሚለውን የሚወስነው ማነው? ሕግም ይነበባል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የራሷ አካል ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ የእናት ዕድሜ የልጁም ጉዳይ ነው። አማራ ክልልን ጨምሮ በ20 ቦታዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3,000 ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘ ጥናትም ልጆቹን ከነቤተሰባቸው ኑሮ ነው የመዘገበው።

ተመራቂዋ ሥራ የምታገኘው በአጸደ ሕፃናት፣ በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በመምህራን ኮሌጅ ነው። በገጠሩ ከሁሉ በላይ የምትፈለገው ግን ከ1ኛ ክፍል በፊት ባለው «ኦ ክፍል» ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ለዘመናት ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥር ኖሯል፤ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጣ በኋላ ደግሞ ኦ ክፍል በየአንደኛ ደረጃው ግቢ ተከፈተ። ክፍሉ በብዛት ተከፍቷል፤ ለዚህ ዕድሜ የሠለጠነ መምህር ግን አልተከተለውም። ያልሠለጠነ መምህር የ6 ዓመት ልጆችን አግዳሚ ላይ ደርድሮ «ሀ ሁ» ያስጮሃል። የሠለጠነችው ጠጠሩን ወደ ክፍል ታስገባለች፤ የሚያንቀላፋውን ልጅ ከመቆጣቷ በፊት ቁርስ በልቶ መምጣቱን ትጠይቃለች።