ስንዱ ገብሩ እና የፓርላማው በር
መርካቶ የጣሊያን ወረራ አሻራ አለበት። የአራዳ ገበያ ወደዚህ የተዛወረው አገሬውን ከጣሊያኖቹ ሰፈር ለማራቅ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩንም ያው ጣሊያን ነው አስሮ አሲናራ ደሴት ድረስ የወሰዳቸው።

ስንዱ ግን ተመለሱ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም መሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በተካሄደው በመጀመሪያው ምርጫ፣ በ1950 ዓ.ም.፣ አሸንፈው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆንም ደርሰዋል።

ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ይሆናል፣ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ዕጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖርህ ግድ ነበር። ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ተምረዋል። በርበሬ በረንዳ ቁጭ ብላ የምትቸረችር እናት ግን ብትመርጥ እንጂ መመረጡ ሩቅ ነበር። ይህ የስንዱን ድል አያሳንሰውም፤ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ነው የሚያሳየው።

ዛሬ ያ የንብረት መስፈርት የለም። ምናለሽ ተራ የምትሸጥ ልጅ ልወዳደር ብትል ሕግ አይከለክላትም። ግን ለቅስቀሳ ስትዞር ሱቋን ማን ይከፍትላታል? የቤት ኪራዩስ? ስለ ሴት ዕጩዎች ቁጥር ስናወራ ይህንንም ሂሳብ ውስጥ እናስገባው።