ማሽላ ነበረ፣ የጠፋው ደመወዝ ነው

የጤፍና የበቆሎ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሁለት መልስ እንሰማለን። አንዱ «ምርት አንሷል» ይላል፣ ሌላው «ነጋዴ ደብቆታል»። ሁለቱም የሚቆጥሩት ጆንያ ነው፤ የሸማቹን ኪስ የሚቆጥር የለም። ይህ ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመረዳት በእንግሊዝ ዘመን የህንድ ጥጥ አምራች የነበረውን ቤራርን መመልከት ይበቃል።

ቤራር በሰሜን በሳትፑራ፣ በደቡብ በአጃንታ ተራሮች የታቀፈ ነው። በመካከል የፑርና ወንዝ ሸለቆ ተዘርግቷል። የአኮላና የአምራቫቲ ለም ማሳዎች እዚህ ናቸው፤ አፈሩ የኛ ገበሬ ዋልካ የሚለው ዓይነት ጥቁርና እርጥበት ያዥ ነው። እንግሊዞች ሸለቆውን እ.ኤ.አ. በ1853 ከሃይደራባዱ ኒዛም ላይ በጦር ሠራዊት ወጪ ዕዳ ምክንያት ተረከቡት። ከ1861 እስከ 1865 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ለማንቸስተር ፋብሪካዎች የሚሄደውን ጥጥ ሲያቋርጥ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከቦምቤይ የተነሳው የባቡር መስመር በሸለቆው አልፎ በ1867 ናግፑር ደረሰ፤ በ1870 ደግሞ ትልቁ የጥጥ ገበያ ካምጋዎን በቅርንጫፍ ሐዲድ ተገናኘ። የጥጥ መዳመጫዎች በየከተማው ተተከሉ። ቤራር በመንግሥት ሪፖርቶች የብልጽግና ምሳሌ ሆነ።

ከዚያ የ1899 ዝናብ ቀረ። በ1899 እና 1900 የደረሰው ረሀብ ያንን «ባለጸጋ» ግዛት ክፉኛ መታው።

ብዙዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ «ጥጥ የማሽላውን መሬት ስለወሰደ ነው» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ዋናውን ነገር ግን ይስታል። ባለመሬቱ ገበሬ ጥጥንና ማሽላን እያፈራረቀ ይዘራ ነበር፣ ከክፉ ዓመት የሚያሻግር ጎተራም ነበረው። ቀድሞ የተመታው የቀን ሠራተኛው ነው። ጥጥ አረምና ለቀማ የሚበዛበት ሰብል በመሆኑ መሬት የሌለው ሕዝብ ኑሮውን በዚያ ሥራ ላይ አቆመ። የጥጥ ገበያ በተስፋፋ መጠን ምንዳው ከእህል ይልቅ በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። ዝናብ ሲቀር የማሽላ ዋጋ ወጣ፣ የሚታረምና የሚለቀም ግን አልተገኘም። ስለዚህ ዋጋው ሲጨምር ገቢው በዚያው ሳምንት ዜሮ ሆነ። ባቡሩ እህል ያመላለስ ነበር፤ እህል ግን የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት እንጂ ረሀብ ወዳለበት አይደለም። ትንሹ ገበሬም ቢሆን የመሬት ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ስለነበር አዝመራው ከመድረሱ በፊት ተሽጦ አልቋል።

መንግሥት ይህን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። የ1880 የረሀብ ኮሚሽን ራሱ ድርቅ መጀመሪያ የሚያቋርጠው የእርሻ ሥራን፣ የሚያስርበውም በምንዳ የሚኖረውን ሕዝብ መሆኑን ጽፏል። ቢሆንም የዕለት ተዕለቱ አኃዝ የጥጥ ጭነትና የአዝመራ ግምት ነበር፤ የአዝመራው ሁኔታ ይገመት ነበር፣ የሠራተኛው ገቢ ግን በዚያ ግምት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን አኃዝ አላምንም። እኔ የማምነው የሕዝብ ቆጠራውን ነው፤ በ1891 ወደ 2.9 ሚሊዮን የነበረው የቤራር ሕዝብ በ1901 ወደ 2.75 ሚሊዮን ወርዷል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ሐሳብ በወሎ ላይ ፈትኖታል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሀብ ሲበረታ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ ከወሎ የወጣ እህልም ነበር። የተራበው ሰው የሚገዛበት ስላልነበረው ፍላጎቱ በገበያው ላይ አልታየም። ዋጋ ጸጥ ማለቱ ብቻውን የደህንነት ምልክት አይደለም።

ቤራር ዛሬ የማሃራሽትራ ግዛት የቪዳርብሃ ክፍል ነው፤ ጥጥ አሁንም ይበቅልበታል፣ በዕዳ ምክንያት ራሳቸውን የሚያጠፉ ገበሬዎች አሳዛኝ ዜናም ከዚያው ይሰማል። ለኛ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው። የምርት መጠን በኩንታል ሲነገረን አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ የቀን ሠራተኛው የዛሬ ምንዳ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ይህ ቁጥር በየወሩ፣ በየወረዳው ተሰልቶ ይፋ ይሁን። ረሀብን ከመድረሱ በፊት የሚያሳየው እሱ ነው።