ሰጪው የሚያሳንሳት ደግነት

ሰው ለሰው ደግ የማይሆንበት ምክንያት ሲጠየቅ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ ንፉግነት ነው፤ ካልሆነም የዘመኑ ክፋት። ነገር ግን ከታመመ ጎረቤት ደጅ ደርሰን የምንመለስበትን ወይም ሻንጣ የከበዳትን የማናውቃትን ሴት ለማገዝ እጃችን ተነሥቶ መልሶ የሚወርድበትን ቅጽበት ልብ ብለን ብናየው፣ የሚያግደን ሌላ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። «ይህቺን ይዤ እንዴት እገባለሁ?»፣ «ምን አገባህ ብባልስ?»፣ «ለዚህች ብዬ ላስቸግራቸው?» የሚል የልብ ሒሳብ ነው። አማርኛችን ለዚህ ሒሳብ «ይሉኝታ» የሚል ስም ካወጣለት ቆይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ ባለፉት ሃያ ዓመታት ያንኑ ሒሳብ በቁጥር ሲፈትሹት ከርመዋል። ያገኙት ነገር ሒሳቡ ብዙ ጊዜ ስህተት መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል መሆኑንም ጭምር ነው። ትንሽ ደግነትን የምናስቀረው አብዛኛውን ጊዜ በተቀባዩ ዘንድ ያላትን ዋጋ አሳንሰን ስለምንገምት ነው።

ከሁሉ ግልጽ የሆነውን ማስረጃ ያቀረቡት ያኔ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሚት ኩማርና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ኤፕሊ ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት ውስጥ ካሉት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው ቺካጎ መሀል ከተማ በሚገኘው ማጊ ዴሊ ፓርክ፣ በብርዱ ወራት ሰዎች በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ሥፍራ ነበር። 84 ሰዎች አንዳንድ ኩባያ ትኩስ ቸኮሌት ተሰጥቷቸው፣ ራሳቸው ሊጠጡት ወይም እዚያው ላለ ለማያውቁት ሰው ሊሰጡት እንደሚችሉ ተነገራቸው። 75ቱ ሰጡ። (በእርግጥ አጥኚ ቆሞ እያየ ነው፤ ቢሆንም የንፉግነት ክስ እዚህ ላይ መንገዳገድ ይጀምራል።) ከዚያ ሰጪዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው እንዲገምቱ ተጠየቁ። መለኪያው በጣም ከመከፋት፣ ማለትም ከኔጌቲቭ 5፣ ተነሥቶ በጣም እስከ መደሰት፣ እስከ ፖዘቲቭ 5፣ ይደርሳል። የሰጪዎቹ ግምት በአማካይ 2.7 ነበር። ተቀባዮቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን 3.5 አሉ። ልዩ ትኩረት የሚገባው ነገር ኩባያውን ያደረሱት አጥኚዎቹ መሆናቸው ነው። ተቀባዩ የተነገረው «ይህን የሰጠህ ያ ሰው ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሰጪው ፈገግታ ወይም በጨዋታ አዋቂነቱ ማሳበብ አይቻልም።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳየው ሌላኛው ሙከራ ነው፤ በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ይልቅ ብልሃት ያለውም እርሱ ነው። በዚያው ፓርክ ለተወሰኑ ሰዎች በጥናቱ ስለተሳተፉ ብቻ ትንሽ ኬክ ተሰጣቸው። ለሌሎች ደግሞ ያው ኬክ የደረሳቸው አንድ የማያውቁት ሰው የራሱን ሊሰጣቸው ስለወደደ ነው። ኬኩ አንድ ነው፤ ስኳሩም ክሬሙም አንድ ነው። በደግነት ያገኙት ሰዎች ግን በተሳትፎ ካገኙት ይበልጥ ተደሰቱ። ሰጪዎቹ ይህን ልዩነት አላዩትም፤ ኬኩ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ የተቀባዩ ደስታ ያው እንደሚሆን ነበር የገመቱት። ነገሩ እዚህ ላይ ይፈታል። ሰጪው በእጁ የያዘውን ዕቃ ይመዝናል፤ ዕቃው ደግሞ እውነትም ትንሽ ነው። ተቀባዩ ግን ከዕቃው ጋር አንድ ሰው እንዳሰበለት ዐውቋል፤ ያንን ሰጪው በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠውም። እርሾ ያለቀባት እናት ልጇን ወደ ጎረቤት ስትልክ የሚመለሰው አንድ ጭልፋ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፤ ለሰጪዋ ከተረፋት ላይ የተቀነሰ ነው። ለተቀባይዋ ግን የነገ እንጀራ ነው፤ ከእንጀራውም በላይ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሲጎድል የሚንኳኳ በር መኖሩን ማወቅ ነው። ከኬኩ ሙከራ አንጻር ሲታይ የሁለቱ ሒሳብ አለመገናኘት ምንም አያስገርምም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ጨምረዋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ስጦታ የተቀበሉ ሰዎች 100 ዶላርን በራሳቸውና በማያውቁት በሌላ ተሳታፊ መካከል እንዲያካፍሉ ተጠየቁ። ስጦታው በሰው ደግነት የደረሳቸው ለማያውቁት ሰው በአማካይ 48.02 ዶላር ሲመድቡ፣ ስጦታውን ያለ ደግነት ያገኙት 41.20 ዶላር መደቡ። ገንዘቡ የተመደበው ለሰጣቸው ሰው አይደለም፤ ለሦስተኛ ወገን ነው። የመጀመሪያው ሰጪ ይህንንም አልጠበቀውም። ደግነቱ ከዓይኑ ከራቀ በኋላ የት የት እንደሚደርስ አይከታተልማ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ሁሉ የቺካጎ ነገር ነው፤ ጎረቤቱን በስም የማያውቅ አሜሪካዊ ከማያውቀው ሰው ኩባያ ሲደርሰው ቢደነቅ ምን ይገርማል? «እንብላ» ሳይል ምግብ የማይጀምር፣ ታላቅ ሲገባ «ኖር» ብሎ የሚነሣ ሕዝብ ይህን ጥናት ለምን ይሻዋል? መልሱ በከፊል የሚገኘው በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ሥራ ውስጥ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ጆቫኒ ሮሲና ባልደረቦቹ በአምስት አህጉራት፣ ስምንት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን የዕለት ተዕለት ኑሮ በቪዲዮ ቀርጸው መረመሩ። ከቋንቋዎቹ መካከል እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ሩሲያኛ አሉ፤ የጋናው ሲዉ፣ የኤኳዶሩ ቻፓላና የላኦስ ቋንቋም አሉበት። ሰዎች አብረው ሲውሉ በአማካይ በየሁለት ደቂቃው ገደማ አንዱ ሌላውን «ያን አቀብለኝ»፣ «እዚህ ጋ ያዝልኝ» የሚል ትንሽ እርዳታ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚፈጸምበት ጊዜ እንቢ ከሚባልበት በሰባት እጥፍ ይበልጣል። እንቢ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት ይደረድራል፤ እሺ ያለ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል፤ ምክንያት የሚጠየቅበት ከደንቡ የወጣው ነገር ነውና መርዳት ደንብ፣ አለመርዳት ማፈንገጥ ነው ማለት ነው። ባህል የሚለያየው በሌላ ቦታ ነው።

ከሚለያይባቸው ቦታዎች አንዱ ምስጋና ነው። በሲሜዮን ፍሎይድ መሪነት በእነዚያው ስምንት ቋንቋዎች ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ትንሽ እርዳታ ከተደረገ በኋላ በቃል የሚመሰገነው ከሃያው አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ ተናጋሪዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ያመሰግናሉ፤ ቻፓላ ግን ጭራሽ ለ«አመሰግናለሁ» የተለመደ አቻ ቃል የለውም። ይህን ሰምቶ ሰው ሁሉ ውለታ ቢስ ነው የሚል አይጠፋም፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። መተባበር የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ ቃል አይጠይቅም። ሰጪው ግን ከዚህ ዝምታ የተሳሳተ ትምህርት ሊወስድ ይችላል። ያደረገው ነገር ፊቱ ላይ ካልተመሰገነ ዋጋ እንደሌለው ይቆጥረዋል፤ የሚቀጥለውንም አሳንሶ ይገምታል።

የአማርኛ ምስጋና እዚህ ላይ የራሱ መላ አለው። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ልኝ» ከባድ ሥራ ትሠራለች፤ «በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥህ» ማለት ናትና። ተቀባዩ ዕዳውን አልካደም፤ መክፈያውን ግን ከራሱ አቅም በላይ ላለ አዛወረው። «ብድር መላሽ ያድርገን» ስንል ደግሞ ዕዳውን እዚሁ እናስቀረዋለን፤ ቀን ግን አንቆርጥለትም። ሁለቱም አባባሎች የሚያቃልሉት አንድ ችግር አለ፤ እርሱም ከሁሉ ጠንካራው መቃወሚያ ነው። ደግነት ተቀባዩን ሊጫነው ይችላል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አሪ ናድለርን የመሰሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት እንዳሳዩት፣ እርዳታ አንዳንድ ጊዜ የተቀባዩን ክብር ይነካል። አቅመ ቢስ ነህ እንደ ማለት ይሆንበታል፤ በተለይ ካልጠየቀ፣ ሊመልስም ካልቻለ። ውለታ እንደሚከብድ የተዋለለት ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ መቃወሚያ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚመታው ትልቁን ውለታ እንጂ ትንሿን ደግነት አይደለም። ጎረቤት የልጅን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲሸፍን ተቀባዩ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ያው ጎረቤት ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ ሲያነሣለት ግን በነጋታው በተመሳሳይ ነገር ይመልሳል፤ ሒሳቡ ሳይጻፍ ይዘጋል። ትንሽነቷ ጉድለቷ ይመስለናል እንጂ ሸክሟን የሚያቀልላት እርሱ ነው። ይሉኝታ ግን ተገላቢጦሹን ይመክራል፤ ካላማረ አትስጥ ይለናል። ስጦታውን አሳድገን ስንጠብቅ ቀኑ ያልፋል፤ የደረሰ ቀን ደግሞ የሚከብድ ውለታ ይሆናል።

የጠያቂውም ሒሳብ እንዲሁ የተዛባ ነው። ፍራንክ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱትና በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የማያውቋቸውን ሰዎች መጠይቅ እንዲሞሉላቸው ሊለምኑ ወጡ። አምስት ፈቃደኞች ለማግኘት ስንት ሰው እንደሚጠይቁ ሲገምቱ ወደ 20 አሉ፤ በተግባር የበቃቸው 10 ያህል ነው። ጠያቂው እንቢታን ያጋንናል፤ ምክንያቱም እርዳታው የሚወስደውን ጊዜና ድካም ያሰላል እንጂ ፊት ለፊት የቆመን ሰው እንቢ ማለት ለተጠያቂው ምን ያህል እንደሚከብድ አያሰላም። እንግዲህ አንዱ ላለማስቸገር አይጠይቅም፤ ሌላው ትንሽ ነው ብሎ አይሰጥም፤ ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ምንም አይተላለፍም።

አንድ ነገር ማጋነን የለብንም። ደግነት ሰጪውን ራሱን ያስደስተዋል፣ ይፈውሰዋል የሚለው ስብከት በየመጽሔቱ በዝቷል። ኦሊቨር ስኮት ከሪና ባልደረቦቹ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ መሠረት ሰጪው የሚያገኘው ደስታ አለ፤ መጠኑ ግን ከትንሽ እስከ መካከለኛ ነው። መድኃኒት አይደለም። እንደ መድኃኒት መሸጡም ነገሩን ያበላሸዋል፤ የኬኩ ሙከራ ጉልበት ያለው ከተቀባዩ ወገን ነውና። ደግሞም ትንሿ ደግነት የትልቁን ፍትሕ ቦታ አትይዝም። ቸኮሌት ያቀበለ ሰው የሠራተኛውን ደመወዝ ከመክፈል ነፃ አይወጣም። የእኔ ክርክር ከዚህ ያነሰ ነው፤ በእጃችን ያለችው ነገር ከምንገምታት በላይ ትሠራለች ነው የምለው።

ከሒሳብ ስህተቱ ሌላ የሚያግደን ጥድፊያ ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት 40 የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ተላኩ፤ ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ ያስላል፣ ያቃስታል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 ከመቶዎቹ ረዱ፤ ዘግይታችኋል ከተባሉት 10 ከመቶዎቹ ብቻ። በአእምሯቸው የያዙት የወንጌል ምሳሌ ጉልህ ለውጥ አላመጣም፤ ሰዓቱ ግን አመጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመን ሰው ጠባይ የሚመዝን ሁሉ ይህን ቁጥር ቢያስታውስ መልካም ነው።

የቺካጎው ጥናት ወደ እኛ ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው በኮንዶሚኒየም በኩል ይመስለኛል። በድሮው ሰፈር እርሾ መስጠት፣ ቡና መጥራት፣ የተሰጣ ማንሣት የግል ውሳኔ አልነበረም፤ ልማዱ ሒሳቡን አስቀድሞ ሠርቶ ጨርሶታል። ማንም «ይህቺን ይዤ?» ሳይል እጁ ይዘረጋ ነበር። በዕጣ የተሰባሰቡ አባወራዎች ባሉበት አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ትናንት የተዋዋሉት ውለታ የለም። እያንዳንዷ ነገር እንደ አዲስ ትሰላለች፤ ስሌቱ ሲመለስ ስህተቱም አብሮ ይመለሳል። እርሾ ያለቀባት አዲስ ተከራይ ደረጃውን ወርዳ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሴት ደግሞ ከቡሃቃዋ የተረፋትን እያየች፣ ይህቺን ይዤ የማላውቃትን ሰው በር ላንኳኳ እንዴ ትል ይሆናል።