በጎማ ፋንታ ታንኳ የተገጠመላቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች፦ እኛ ለምን አልነበሩንም?

አንድ የጉለሌ ልጅ በውስጥ መስመር የድሮ ፎቶ ልኮልን ነበር። ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፣ ከሥሩ ጎማ ሳይሆን ሁለት ታንኳ የሚመስል ነገር ተገጥሞለታል። «እኛስ ነበረን?» ይላል። አልነበረንም። ለምን የሚለው ግን ደስ የሚል ታሪክ አለው።

ከውሃ ተነስቶ የበረረ የመጀመሪያው ሰው ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋብር ነው፣ በ1910 እ.አ.አ.። ያኔ አየር ማረፊያ ብርቅ ነው። ባሕር ግን የተዘጋጀ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጉቶ የለው። የባሕር ኃይሎች ነገሩን ወደዱት፦ መርከቧ አውሮፕላኑን ጭና ትሄዳለች፣ በክሬን ውሃ ላይ ታወርደዋለች፣ ተነስቶ ይበራል፣ ሲመለስ አጠገቧ ያርፍና መልሳ ታነሳዋለች።

እንግሊዞች በ1914 ሞናኮ ላይ የሽናይደር ዋንጫን ካሸነፈው የሶፕዊዝ አውሮፕላን ተነስተው «ሶፕዊዝ ሽናይደር» የሚባል ተዋጊ ሠሩ። ጦርነቱ ሲመጣ መትረየስ ጠምደውበት የጀርመንን ዜፔሊን እንዲያሳድድ ላኩት። ማዕበል ሲነሳ ግን ከውሃው መላቀቅ ያቅተው ነበር። ጀርመኖቹ በበኩላቸው ኤርነስት ሃይንክል የነደፈውን ብራንደንቡርግ ደብልዩ 12 አመጡ። ጅራቱን ወደ ታች ገለበጡት፣ ከኋላ የተቀመጠው ተኳሽ ያለ ከልካይ እንዲተኩስ። ብልጥ ሥራ ነው! ታኅሣሥ 1917 እ.አ.አ. በዚሁ አውሮፕላን ሲ 27 የተባለችውን የእንግሊዝ አየር መርከብ አቃጥለው ጣሉ።

ወደ እኛ እንምጣ። ሰኔ 1916 እ.አ.አ. «ቤን ማይ ክሪ» የምትባል የእንግሊዝ መርከብ እነዚህን የውሃ አውሮፕላኖች ጭና ኤደን መጣች፤ ላሕጅ ላይ የሰፈረውን የቱርክ ጦር በቦምብ ደበደበች። ይሄ እንግዲህ ከጅቡቲ ማዶ ነው። በ1915 ዓ.ም ደግሞ ራስ ተፈሪ እዚያው ኤደን ሄደው የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላኖች አዩ። አይተው አልቀሩም፣ ራሳቸው ተሳፍረው በረሩ።

ከዚያ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ገባ፤ ነሐሴ 30 ዩንከርስ ደብልዩ 33 ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም አንቺም ላይ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አውሮፕላን ዋለ። ያው ዩንከርስ፣ ልብ በሉ፣ ጎማው ወልቆ ታንኳ ሊገጠምለት የሚችል ነበር።

ታዲያ ማን ይገጥምለታል? ምጽዋና አሰብ በጣሊያን እጅ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ። ሐይቅ አለን ትሉ ይሆናል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም በደንብ አያነሳም። ታንኳው ደግሞ ክብደት ነው፤ ውሃውም ለቀቅ አያደርግም፣ ይዞ ይጎትታል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በነበረው ሞተር ይሄ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ እራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለባለጎማውም ይከብደው ነበር። እንደ ጃንሜዳ ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ለኛ ከየትኛውም ሐይቅ ይሻል ነበር።

የወደብ ማጣቱ ዋጋ የታየው በ1928 ዓ.ም ነው። ጣሊያን ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን በመርከብ ምጽዋና ሞቃዲሾ ያራግፋል። እኛ ጋ የነበሩት አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም አያልፉም፣ አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። ሥራቸው መልእክተኛ፣ ቁስለኛና መድኃኒት ማመላለስ ነበር። በታኅሣሥ የመርዝ ጋዙ ከሰማይ መውረድ ሲጀምር አየር ላይ ወጥቶ የሚገጥመው ተዋጊ አልነበረንም።

በሚቀጥለው ስለ መጀመሪያዎቹ ፓይለቶቻችን፣ ስለ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ፣ እንመለስበታለን። የቤተሰብ ፎቶ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን።