«ዓሣ» የማን ቃል ነው?

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ተቀምጦ ዓሣ የሚመገብ ተማሪ የከተማይቱን ስም ለመተርጎም አይቸገርም። «ባሕር» በግዕዝም በዐረብኛም የሚገኝ ሴማዊ ቃል ነው። በሳሕኑ ላይ ያለው «ዓሣ» የትውልድ ሐረግ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቆጠርም።

የቃልን ምንጭ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እኅት ቋንቋዎችን ያነጻጽራል። ውኃ በግዕዝ «ማይ»፣ በዕብራይስጥ «ማዪም»፣ በዐረብኛ «ማእ» ነው፤ ዝምድናው ግልጽ ነው። ዓሣን ግን ዐረብኛ «ሰመክ»፣ ዕብራይስጥ «ዳግ»፣ ሶርያኒ «ኑና» ይሉታል። የግዕዙን «ዓሣ» የሚመስል ከባሕር ማዶ አይገኝም።

ወደ ሐይቁ ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። በሰሜን ጎንደር አካባቢ ቅማንትኛ «አሳ»፣ በደቡብ ምዕራብ አውንጊ «አሲ»፣ ርቆ በከረን ዙሪያ ብሌን «ዓሳ» ይላሉ። ሦስቱም ከኩሻዊው የአገው ወገን ናቸው። እንግዲህ ግዕዝ ቃሉን ከአገው ተዋሰ እንበል? አንባቢ ሆይ፣ አንቸኩል። ሴማውያኑ ራሳቸው በዓሣ ስም እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ የቃሉ ከእነርሱ ዘንድ መታጣት ብዙ አያስረዳም። ኩሻውያኑም ቢሆኑ አንድ አይደሉም፤ ኦሮምኛ «ቁርጡሚ»፣ ሶማሊኛ «ከሉን» ይላል። የብሌን «ዓ»ም ከጎረቤቶቹ ከትግረና ከትግርኛ ሊመጣ ይችላል። የአውንጊ «ኢ» ልዩ መስሎ ቢታይም ቋንቋው ብዙ የወንድ ፆታ ስሞችን በዚሁ ድምፅ ስለሚጨርስ የተዋሰውንም ቃል እንዲሁ ሊያደርገው ይችላል። የእኔ ግምት ወደ አገው ያደላል፤ ግምት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የድምፅ ለውጥ ሥርዓት ሲገኝ ግን መንገዱ ይቃናል። የሐይቁን ስም እንመልከት። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስሙን «ጻና» በሚል ድምፅ ጽፎታል። የግዕዝ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ «ጸጉር» «ጠጉር»፣ «ጾም» «ጦም» እንደተባለው ሁሉ «ጻና»ም «ጣና» ተብሏል። የስሙ ትርጉም ግን በዚህ አይፈታም።

ለ«ዓሣ» እንዲህ ያለ ሥርዓት ለማግኘት የአገው ቋንቋዎችን ድምፆችና ቃላት በሰፊው መመዝገብ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ቅማንትኛን የአፍ መፍቻችን ነው ያሉት 1,650 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ቋንቋው በአብዛኛው የሚሰማው ከአረጋውያን አንደበት ነው።