በረሃ ላይ ጎልፍ ስትጫወቱ፦ ከርቀቱ ይልቅ ሣሩን ምረጡ

ጎልፍ የጀመርኩት አሪዞና ከመጣሁ በኋላ፣ ለአንድ ክሬዲት ብዬ ነው። የስፖርት ኮርስ መውሰድ ነበረብኝ፤ ከሰዓቴ ጋር የገጠመው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኳሱን አርቄ መምታት ስለቻልኩ ጨዋታውን የቻልኩ መሰለኝ። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ግን ከማኅበራችን የቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ከስኮትስዴል በስተሰሜን ወዳለ የበረሃ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ኳሳቸው ሁልጊዜ ከኔ ኳስ ሃምሳ ያርድ ያህል ወደኋላ ትቀራለች። 14ኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እኔ 11 ኳስ ጥፍቶብኝ ነበር፤ እሳቸው ጠዋት በጀመሩባት በዚያችው ኳስ ይጫወታሉ። 18ኛውን ጉድጓድ የዚያን ቀን አላየሁትም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ከእሳቸው የተማርኩትንና ከዚያ በኋላ የሞከርኩትን እነሆ።

ሜዳው ለምን እንዲህ ሆነ?

በቴሌቪዥን የምናየው የጎልፍ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሣር ነው። በረሃ ላይ ግን ውሃ ውድ ነው። አሪዞና በ1980 የከርሰ ምድር ውሃ አጠቃቀምን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ በወጡት ደንቦች መሠረት ፊኒክስን በመሰሉ አካባቢዎች አዲስ የሚሠራ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ውሃ የሚጠጣው ሣር በ90 ኤከር (36 ሄክታር ገደማ) ተወሰነ። ስለዚህ ሣር የሚያገኙት መነሻው (ቲ)፣ ኳሱ እንዲያርፍ የሚፈለግበት መሃል (ፌርዌይ) እና ጉድጓዱ ያለበት ግሪን ናቸው። የቀረው ድንጋይ፣ አሸዋና ካክተስ ነው።

በረሃ ያለ ሜዳ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በ1963 የተከፈተው የፊኒክስ ከተማ ሜዳ ፓፓጎ ሰፊ ሣር ስላለው ለጀማሪ ይመከራል። እኔም ከዚያ ብጀምር ኖሮ ብዙ ኳስ ይተርፈኝ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ከመነሻው ስትመቱ

መጀመሪያ የውጤት መመዝገቢያ ካርዱን አንብቡ። ከመነሻው እስከ ሣሩ ያለውን በረሃ ለመሻገር ኳሱ ስንት ያርድ በአየር መሄድ እንዳለበት እወቁ። ያ ርቀት ከአቅማችሁ ጋር ከተቀራረበ ወደፊት ቀረብ ያለውን መነሻ ምረጡ። ውርደት አይደለም፤ መነሻዎቹ በተለያየ ቀለም የተለዩት ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ሣሩ የት እንደሚያልቅ ጠይቁ። እኔ የምረሳው ይህን ነበር። ለምሳሌ ሣሩ 150 ያርድ ላይ ጀምሮ 250 ላይ የሚያልቅ ከሆነና በድራይቨር 235 ብትመቱ፣ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ኳሱ ተንከባሎ በረሃ ይገባል። በአጭር ዱላ 175 ብትመቱ ሣር ላይ ትቀራላችሁ። ሙቅ አየር ስስ ስለሆነ ኳስ በበጋ ከክረምት ማለዳ ይልቅ ትንሽ ይርቃል። ከፍታም እንደዚሁ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ቢመታ ደግሞ ከፊኒክስ ይበልጥ ይርቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ የትኛው ጥፋት እንደሚሻል አስቀድማችሁ ወስኑ። በቀኝ ካክተስ፣ በግራ የአሸዋ ጉድጓድ (በንከር) ካለ ወደ ግራ አድሉ። ከበንከር በአንድ ምት መውጣት ይቻላል፤ ካክተስ ሥር የገባ ኳስ ግን ቢያንስ አንድ የቅጣት ምት ያስከፍላችኋል።

ኳሱ በረሃ ከገባ

ከ2019 ጀምሮ ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀደው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ብዙ ሜዳዎች በረሃውን በቀይ ምልክት የቅጣት ክልል ያደርጉታል። እንዲህ ከሆነ ኳሱ ክልሉን ካለፈበት ቦታ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርቡ፣ በአንድ የቅጣት ምት አዲስ ኳስ ትጥላላችሁ። በቀይ ያልተከለለ ከሆነና ኳሱ ከጠፋ ግን ቅጣት ተጨምሮ ወደመታችሁበት መመለስ ግድ ነው። ስለዚህ የሚጠፋ ከመሰላችሁ ለመፈለግ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ተናግራችሁ መጠባበቂያ ኳስ ምቱ።

ኳሱ ከተገኘና መምታት ካልተቻለ፣ “አይመታም” ብላችሁ በአንድ ቅጣት ማውጣት መብታችሁ ነው። ካክተስ ስለከለከላችሁ ብቻ ያለ ቅጣት አትወጡም። ኳሱ አጠገብ ጅራቱን የሚያንሿሿው እባብ (ራትልስኔክ) ካለ ግን ሕጉ ያለ ቅጣት ሌላ ቦታ እንድትጥሉ ይፈቅዳል። እጃችሁን ወደማታዩት ቁጥቋጦና ጉድጓድ አትስደዱ። ኳስ ይገዛል።

ለመምታት ከወሰናችሁ አሮጌ ዱላ ተጠቀሙ፤ የበረሃ ሰዎች ለዚሁ ብለው አንድ ይይዛሉ። ልቅ ጠጠር ማንሳት ይፈቀዳል፤ ስታነሱ ኳሱ ከተንቀሳቀሰ ግን አንድ ቅጣት አለ። ፊት ለፊት ድንጋይ ካለ ኳሱ ተመልሶ ፊታችሁን ሊመታ ይችላል። ዱላውን አሳጥራችሁ አንሱና፣ ወደ ጎን ቢሆንም፣ ቅርብ ወዳለው ሣር አውጡት። ረጅሙን ካክተስ ሳዋሮን መጉዳት በአሪዞና በሕግ ያስጠይቃል። ቾያ የሚባለው ካክተስ ደግሞ ገና ሲነካ ልብስና ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ በጣት ሳይሆን በማበጠሪያ ነው የሚነቀለው።

ግሪኑ ላይ

ዙሪያው ተራራ ሲሆን ዓይን ይሳሳታል፤ ሜዳ የሚመስለው ያዘነበለ ነው። ከዝቅተኛው ጎን ቁሙና “እዚህ ላይ ውሃ ቢፈስ ወዴት ይሄዳል?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከተራራው ወደ ሸለቆው ነው።

ዋጋና ወቅት

ክረምት ላይ ጎብኚ ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል፤ በበጋ በጣም ይረክሳል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ብዙ ሜዳዎች የክረምት ሣር ለመዝራት ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋሉ፤ ደውላችሁ አረጋግጡ። ለተማሪ ኪስ የሚመቸው በጋው ነው፤ አደጋውም ያለው እሱ ላይ ነው።

ፀሐዩ

በ2023 ፊኒክስ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት አሳልፋለች። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተናል፤ ስንት ውሃ እንዳጣችሁ አይታወቃችሁም። እኔም አልታወቀኝም። 14ኛው ጉድጓድ ላይ ካርዱን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

“ልጄ፣ ስንት መታህ?”

“አምስት... ስድስት... ጋሼ፣ እንጃ።”

ቀና ብለው አዩኝ። ዱላውን ከእጄ ወስደው ጋሪው ላይ አስቀመጡት።

“አራት ጉድጓድ ብቻ እኮ ነው የቀረን” አልኩ።

“ጉድጓዱ የትም አይሄድም” አሉና ወደ ክለቡ ነዱ።

ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርገው ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጡኝ። ጥሩ ውጤት ላይ ነበሩ፤ ስለሱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጠዋቱን ሙሉ ኳሳቸውን እንዳዳኑት እኔንም አዳኑኝ፤ ትልቁ ከመምጣቱ በፊት ትንሹን ኪሳራ ተቀበሉ።

ስለዚህ በበጋ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሩ። በሰኔ ፊኒክስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 5፡20 ገደማ (በእኛ 11፡20) ነው። ከረፋዱ በፊት ውጡ። ውሃ መጠጣት ከዋዜማው ይጀምራል፤ ከጨው ጋር የተቀላቀለ መጠጥም ያዙ። ሰፊ ባርኔጣ አድርጉ። ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ የሞንሱን ወቅት ስለሆነ መብረቅ ከታየ ወዲያው ሜዳውን ልቀቁ። ጓደኛችሁ ከተደናገረ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፤ 911 ደውሉ፣ እስኪመጡም በውሃና በበረዶ አቀዝቅዙት።

በኅዳር ከጋሼ ጋር እዚያው ሜዳ ተመለስን። ድራይቨሬን ሁለት ጊዜ ብቻ አወጣሁ፤ ሦስት ኳስ ጠፋብኝ። አሁንም አሸነፉኝ። 18ኛውን ጉድጓድ ግን አየሁት።