ሳይታረም የማይነገር ቃል

ማታ በሰሚትና በአያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በገርጂም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ መንደሮች፣ እራት ተበልቶ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ተማሪው የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ሲከፍት፣ የመምህሩ የቤት ሥራ፣ የጓደኛው ሰላምታ፣ የቲክቶክ ጭፈራና ምንጩ ያልታወቀ ክፉ ወሬ በአንዲት መስተዋት ላይ ተከታትለው ይመጡለታል፤ የትኛው ትምህርት፣ የትኛው ጨዋታ፣ የትኛውስ ሐሰት እንደ ሆነ የሚፈርድለት ከራሱ ልቡና በቀር በአጠገቡ ሌላ ዳኛ የለም። ያንን ልቡና ለዳኝነት ማብቃት ነው እንግዲህ ዛሬ ዲጂታል ዜግነት የሚባለው ትምህርት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ከሳተላይት እየተቀበለ በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር እንጂ የተማሪውን ጥያቄ አይሰማም ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ግን ብዙ የአዲስ አበባ መምህራን ማስታወሻቸውንና መልመጃቸውን በቴሌግራም ይልኩ ጀመር፤ ተማሪውም በዚያው መንገድ ይመልስላቸው ያዘ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ልማዱ ጸና። ፕላዝማው ተማሪውን ሰሚ ብቻ አድርጎት ነበር፤ ስልኩ ተናጋሪም አደረገው፤ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ደግሞ ስለ ቃሉ ተጠያቂ ነው።

የዚህ ተጠያቂነት ክብደት አስቀድሞ ታይቷል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ሆነ፤ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮም ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይፈተኑ ጀመር። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ጥፋቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ቅጣት ከበደል በኋላ የሚመጣ ነውና፣ ከበደል በፊት የሚደርሰው ትምህርት ብቻ ነው።

ለዚህም ትምህርት አብነቱን ከሩቅ አገር መሻት አያስፈልገንም። የቅኔ ደቀ መዝሙር ቀኑን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና፣ ሲመሽ ወደ የኔታ ቀርቦ ያዘጋጀውን ያሰማል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ቤቱ የጎደለውን፣ አገባቡ የሳተውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያርሙለታል፤ ተማሪውም መታረሙን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ጥበብ መግቢያ በር ይቈጥረዋል። የዘመኑ ተማሪ ያጣው ይህንን ነው፤ ያሰበውን በዚያው ቅጽበት ይለቀዋል፣ በቃልና በአደባባይ መካከል የሚቆም የኔታ የለውም።

የዜግነት ወይም የግብረ ገብ መምህር ይህን ነገራ በክፍሉ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ተማሪዎቹ ሊለቁት ያሰቡትን አስተያየት በመጀመሪያ በደብተራቸው ይጽፉና፣ የተነገረበት ሰው በመካከላቸው እንደ ተቀመጠ ቈጥረው በጓደኞቻቸው ፊት ያነብቡታል፤ የመጣላቸውንም ወሬ ማን ተናገረው፣ ምስሉ መቼና የት ተነሣ፣ ሌላስ ማን መሰከረለት እያሉ ይመረምሩታል፤ የጓደኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት ገመናን እንደ መግለጥ መሆኑን ይማማራሉ። ይህ ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ስልክ ማስገባት በተከለከለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል፤ ስልክ የሌለውንም ልጅ ወደ ኋላ አይተውም።

መምህሩም ራሱ ሥርዓቱን ቀድሞ ሊጠብቅ ይገባዋል። በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን የደካማውን ተማሪ ውጤት ለወላጆች ሁሉ የሚገልጥ፣ ያላጣራውንም ወሬ የሚያስተላልፍ መምህር፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማረውን በእጁ ያፈርሳል፤ ልጆች ከተነገራቸው ይልቅ ያዩትን ይከተላሉና።

አበው ከአፍ የወጣ አፋፍ ብለዋል፤ ከስልክ የወጣ ደግሞ ከአፋፍም ያልፋል። ስለዚህ ነገ ማታ በሰሚት ወይም በአያት አንድ ልጅ ሊልክ የጻፈውን ከመልቀቁ በፊት ለአፍታ ቆም ብሎ፣ በክፍሉ እንደ ለመደው ድምፁን አሰምቶ ለራሱ ቢያነብበው፣ ነገራው ከቅኔ ቤት ወደ ቤቱ ገብቷል፤ የኔታውም በልቡናው ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።